በቃሬዛ የመጣው ሞኒተር

እኔ ቴሌቪዥን ማየት አልወድም፤ የምወደው መፍታት ነው። ይህን ገና ከመነሻው የምነግራችሁ፣ ኋላ ነገሩ ሲከፋ "ጤነኛ ሰው መስሎን እኮ ነው ስንሰማው የቆየነው" ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንዲት ነርስ ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆችና አራት የማይሠሩ የድሮ ሞኒተሮች አሉኝ። ባለቤቴ ብርቄ ቆጠራውን ከኔ ስለምትጀምር "አምስት የማይሠሩ" ትላለች።

ሞኒተር ስል የኮምፒውተሩ እንዳይመስላችሁ። የኔዎቹ ድሮ በቴሌቪዥን ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራው የሚያየውን ለባለሙያዎቹ ያሳዩ የነበሩ፣ ፊታቸው መስተዋት፣ ጀርባቸው ረጅም፣ ገላቸው ብረት የሆነ ሣጥኖች ናቸው። "ያው ቴሌቪዥን ማለት አይደለም እንዴ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይደለም! ቴሌቪዥን ከአየር ላይ ጣቢያ ይለቅማል፣ ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ሳሙና ያስተዋውቃል። ሞኒተር አንቴና የለውም፣ ጣቢያ አያውቅም፣ ቃል አይተነፍስም። በሽቦ የሰጡትን ምስል ሳይጨምር ሳይቀንስ ያሳያል፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሰው ስላላጋጠመኝ ይሆናል የወደድኩት።

ነገሩ የጀመረኝ ተማሪ ሳለሁ ነው። ትምህርት ቤታችን መጋዘን ውስጥ የተጣለ አንድ ሞኒተር ነበር። ጀርባውን ከፍቼ ሳየው መስተዋቱ ወደ ኋላ እየጠበበ ሄዶ እንደ ቅል አንገት ሆኗል። መምህራችን "ውስጡ ባዶ ነው፤ አየር እንኳ የለበትም" አሉኝ። አየር እንኳ ከሌለበት ባዶ ውስጥ የሰው ፊት እንዴት ነው የሚወጣው ብዬ ብጠይቃቸው "ፈተና ላይ አይመጣም" ብለው አለፉኝ። ጥያቄው ግን ይኸው እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ሞኒተር አለ ከተባልኩ የማልሄድበት የለም። አንዱን ከእስቴ ነው ያመጣሁት። ባለቤቲቱ ዶሮ አስታቅፈውበት ስለነበር ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ሃያ ቀን ጠብቄ ተረከብኩ። ብርቄ "ከዚያ ሣጥን የሚሠራ ነገር የወጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው" ትላለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ታኅሣሥ ከሰማዳ የመጣ አንድ የሒሳብ መምህር ባልደረባዬ፣ በእረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጣን፣

"እኛ አገር ጨለማ የሚያሳይ ቴሌቪዥን አለ" አለኝ።

"ምን የሚያሳይ?"

"ጨለማ። ጋሼ ምትኩ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ከአዲስ አበባ ይዘውት መጡ። ለሰው ቢከፍቱት ጨለማ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ 'ጨለማ አሳዩ ምትኩ' ነበር የሚላቸው። እሳቸው ሞተዋል፤ ሣጥኑ ባለቤታቸው ዘንድ ነው።"

"አንቴና አለው?"

"ምንም የለው። ድምፅም የለው።"

ሻዬን አልጨረስኩም። የሴሚስተሩ እረፍት እስኪገባ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው የሚያውቁት ተማሪዎቼ ናቸው፤ የኒውተንን ሕግ ሁለት ጊዜ አስተምሬ አንድ ምዕራፍ ዘልያለሁ። እረፍቱ እንደገባ ብርቄን "አርብ ገበያ ደርሼ ልምጣ" አልኳት። ውሸት አይደለም፤ ወደ ሰማዳ የሚሄደው መኪና በአርብ ገበያ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ቀጥሎ ወገዳ እንዳለ፣ ከወገዳም ወዲያ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ እንዳለ ብቻ ነው ያልነገርኳት።

የጋሼ ምትኩ ባለቤት እትዬ አንጓች ይባላሉ። ሣጥኑ ከገብስ ጎታው ጎን፣ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። ነጠላውን ገለጡልኝ። ሥዕል የሚመስል ዕቃ ነው! የግራጫ ብረት ገላ፣ ከላይ የቆዳ እጀታ፣ ከፊቱ አምስት ትንንሽ ማስተካከያዎች። እየዞርኩ ሳየው፣ እየዳበስኩት፣ ጀርባውን ሳሸተው እትዬ አንጓች ከበሩ ቆመው ዝም ብለው ያዩኛል። ዕቃ የሚያሸት መምህር አይተው አያውቁም መሰለኝ።

"ምትኩ ስቱዲዮ ውስጥ ጽዳት ነበር የሚሠራ" አሉኝ። "ጧት ጧት የዚህን መስተዋት የሚወለውል እሱ ነው። 'አገር የሚያየውን ሰው እኔ ቀድሜ ነው የማየው' እያለ ያወራ ነበር። አሮጌ ነው ብለው ሊጥሉት ሲሉ ለምኖ ወሰደው። ከዚያ አያ ሞላ የሚሉት ጎረቤታችን ልጁን ሲድር፣ ጄኔሬተር ከወገዳ አስመጣና 'እስቲ የምታወራልንን አሳየን' አለው። ዳሱ ሙሉ ሰው ነው። ምትኩ ከፈተው። ጠበቅን። ጨለማ ሆነ። ሞላ ተነሣና 'ምትኩ፣ ጨለማውንማ በደጃችንም እናየው የለ!' አለ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። በቃ፣ ስሙ ያን ቀን ሄደ።"

ነጠላውን አጣጥፈው ያዙና "አንተ ትምህርቱ አለህ። ባሌ ውሸታም ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

እኔም ይህ ዕቃ ከአየር ላይ እንደማይለቅም፣ ካሜራ በሽቦ ካልተሰጠው ምንም እንደማያሳይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሽቦው ከግድግዳ ስለሚመጣ ጋሼ ምትኩ ልብ ሊሉት እንደማይችሉ አስረዳኋቸው። "አልዋሹም፤ የጎደለው ሽቦው ነው" አልኳቸው።

ገንዘብ ሳወጣ እጄን መለሱት። "ገንዘብ አልፈልግም። ሥራውና ያ የሳቀው ሞላ ይየው። ስሙን መልስልኝና ሣጥኑ ያንተ ይሁን።"

"እመልሳለሁ!" አልኩ። እቤት የተቀመጡት አራቱ የማይሠሩ ትዝ ያሉኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን የመጓጓዣው ጥያቄ መጣ። አህያ ላይ እንዳልጭነው፣ አየር የሌለበት መስተዋት ቢጋጭ ወደ ውስጥ ይፈነዳል። በትከሻ እንዳይሆን ቁልቁለቱ ያዳልጣል። እኔ እግዜር የሚወደኝ ሰው ነኝና ከእድሩ ቤት ቃሬዛ ተደግፎ አየሁ። አራት ጎረቤቶች ተለመኑ፤ ሞኒተሩን ትራስ አድርጌለት መሐል ላይ አስተኛሁት። እትዬ አንጓች አቧራው እንዳይገባበት ብለው የባላቸውን ጋቢ አለበሱትና ዳር ዳሩን አስገቡለት። ከዚያ "እስከ ወገዳ እሸኘዋለሁ" ብለው ከቃሬዛው ኋላ እያለቀሱ ተከተሉ። የባላቸው የመጨረሻው ዕቃ ከቤት መውጣቱ ነው፣ ማልቀስ ሲያንሳቸው ነው።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ቃሬዛ አለ፣ ጋቢ የለበሰ ነገር አለ፣ ከኋላ የምታለቅስ ሴት አለች። በዚያ ላይ የገበያ ቀን ነው። ምን ይመስላል?

በአገሩ ደንብ ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም። የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ያስገባና "እግዜር ይማረው" ይላል፤ ማነው፣ ምን ሆነ የሚለው ኋላ ነው የሚመጣ። ገብስ ጭነው ወደ ወገዳ ከሚወርዱ ገበሬዎች አራቱ አህዮቻቸውን ለጓደኞቻቸው ትተው ቃሬዛውን ተቀበሉን። የመጀመሪያዎቹ አራት ጎረቤቶችም ተረኛ ካገኙ ምን ያደርጋሉ፣ "በሉ ደኅና ግቡ" ብለው ተመለሱ። በቃሬዛው ላይ ያለው ምን እንደሆነ የምናውቅ እኔና እትዬ አንጓች ብቻ ቀረን።

"ኧረ ወንድሞቼ፣ ይኼ እኮ ሰው አይደለም..." ብዬ ጀመርኩ።

"እንዴት ሰው አይደለም ይባላል!" ብሎ ተቆጣኝ ከፊት ያለው። "ምንም ቢከሳ ሰው ሰው ነው!"

"ከስቷል በል እንጂ" አለ የኋላው። "አንድ ጎልማሳ እንዲህ ሲቀል አይቼ አላውቅም።"

"ተኮራምቶም የለ። ሆዱን ነው ያመመው።"

ደግሜ ልናገር ስል "መምህር፣ ትንፋሽህን ለዳገቱ ቆጥብ" ብለው አስቀሩኝ። እውነቱን ለመናገር ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ አልታገልኩም። አካሄዳቸው እንዴት ያምር ነበር! አራቱም እኩል ይረግጣሉ፣ ድንጋይ ሲመጣ "ድንጋይ" ይባባላሉ፣ ቁልቁለት ላይ የፊቶቹ ቃሬዛውን ከፍ፣ የኋላዎቹ ዝቅ ያደርጋሉ። ውኃ በድስት ቢጫን የማይፈስ አያያዝ ነው። መስተዋቴን በዚህ ሁኔታ የሚያደርስልኝ መኪና በየትኛውም አገር አይገኝም ብዬ አሰብኩና ዝም አልኩ። ይህ ነው ጥፋቴ፤ አልክድም።

ወንዙን እንደተሻገርን አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ ከጎን መንገድ ብቅ አሉ። እትዬ አንጓች ክንዴን ጨበጡኝ።

"እሱ ነው።"

"ማን?"

"ሞላ።"

ዞር ብዬ እትዬ አንጓችን ሳያቸው እንባቸው ቀጥ ብሏል። አያ ሞላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡ።

"አንጓች! ማን ታሞብሽ ነው?"

"የምትኩ ዘመድ ነው" አሉ እትዬ አንጓች ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። "ከአዲስ አበባ የመጣ።"

ሽማግሌው የምትኩን ስም ሲሰሙ ባርኔጣቸውን ብብታቸው ሥር ከተቱ። ከዚያ ከፊት በቀኝ ያለውን ሰው "ልቀቅልኝ" ብለው ትከሻቸውን አስገቡ። ወደ ሰባ የሚጠጋ ዕድሜ ይዘው ሲያቃስቱ አንጀቴን በሉኝና አፌን ልከፍት ስል እትዬ አንጓች ቆነጠጡኝ።

"ዝም በል። ይሸከም።"

ተሸከሙ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተረኛ ሲመጣ "ይቆይ" እያሉ ይመልሳሉ። ኋላ አንዱ ወጣት "አያ ሞላ፣ ደከምዎ፣ ይልቀቁ እንጂ" ቢላቸው፣ "ተወኝ። ምትኩ በቁሙ እያለ ብዙ ቀልጄበታለሁ። ዘመዱን እንኳ ልሸከምለት" አሉ። ይህን እትዬ አንጓችም ሰሙ። ከዚያ ወዲያ አልቆነጠጡኝም፤ እኔም ልናገር አልቻልኩም።

ወገዳ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን ደግሞ አንድ ቄስ፣ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዘው መጡ። ቃሬዛው ቆመ። ሰው ሁሉ መስቀል ተሳለመ። አባ የጠርሙሱን ክዳን ሲከፍቱ ግን ዘልዬ ከፊታቸው ቆምኩ። እኔ ለጸበል ያለኝን ክብር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግን ከጋቢው ሥር ያለው በረቂቅ ሽቦ የተጠመጠመ ዕቃ ነው።

"አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ውኃ አይነካውም!" ብዬ ጮኽኩ።

ሰዉ ሁሉ ክው አለ። አንዲት ሴትዮ "ውኃ ይሸሻል ማለት ነው?" ብለው አማተቡ። አንዱ "ያበደ ውሻ ነክሶት ይሆናል" አለ። ሌላው "ኧረ ጸበል ነው የሚሸሽ፤ ያለበት ነገር አለ" አለ። በግራ የተሸከሙት ሁለቱ ከጋቢው ራቅ ለማለት አንገታቸውን እንደ ሰጎን አስረዘሙ። ቃሬዛው ሲያዘነብል አያ ሞላ ብቻ "ቀጥ በሉ! የታመመ ሰው ጥለን ልንሸሽ ነው?" ብለው አንባረቁ።

አባም በእርጋታ "እንግዲያማ ይበልጡን ያስፈልገዋል" አሉና ከራስጌ እስከ ግርጌ ሦስት ጊዜ ረጩት። የቀረውንም አፈሰሱት። እኔም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ፤ ሰዉ "ወንድሙ ነው መሰል፣ እንዴት ይወደዋል" ሲል ይሰማኛል።

ወገዳ ላይ የሚኒባሱ ሾፌር "ታማሚ ነው" ሲባል የኋላውን ወንበር በሙሉ ለቀቀልን። ጤና ጣቢያ እንውሰደው የሚሉትን "ባለቤቴ ንፋስ መውጫ ነርስ ናት" ብዬ መለስኳቸው፤ ይህም ውሸት አይደለም። ስድስት ሰዎች ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉ። የተሸከሙትን ታማሚ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነዋ። አያ ሞላ ስልክ ስለሌላቸው በሰው ስልክ አስመዘገቡ።

መኪናው ሊነሣ ሲል እትዬ አንጓች ወደ መስኮቱ ተጠጉ። "ምትኩ የታመመ ክረምት ነበር" አሉኝ ቀስ ብለው። "ወንዙ ሞልቶ ሰው አልደረሰልንም። የተሸከሙት ሁለቱ ልጆቼ ብቻ ናቸው፤ መንገድ ላይ አረፈ። ዛሬ ስንት ሰው እንደተሸከመለት አየህ አይደል?"

አየሁ አልኳቸው። እንባዬ መጣ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አጽናናኝ።

ብርቄ በሩን ስትከፍት ባጃጅ ሾፌሩና እኔ ጋቢ የለበሰ ነገር በሁለት ወገን ይዘን ቆመናል። ነርስ ናትና ፊቷ ወዲያው ተለወጠ፤ "ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ! ምን ሆኖ ነው?" ብላ ጋቢውን ገለጠች። ከዚያ በኋላ ያለችኝን አልጽፈውም። በማግሥቱ ስልኩ ጀመረ። "የሰማዳው ታማሚ እንዴት አደረ?" የማይል የለም። እኔ ሞኒተሩ ላይ ተደፍቼ ስለምውል የምታነሣው እሷ ናት። መጀመሪያ ሁለት ቀን ተቆጥታ ዘጋችባቸው። በሦስተኛው ቀን ግን በሩ ጋ ቆሜ በነርስ ድምፅ "እህል አይወስድም፤ ፈሳሽም ከልክለነዋል፤ ጧት ጧት ፀሐይ እናሞቀዋለን" ስትል ሰማኋት። አንድም የዋሸችው የለም።

እውነትም ሁለት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ አውለነዋል። ጀርባውን ስከፍት ውስጡ የአይጥ ጎጆ ነው። ጎጆውን ስጠርግ ከእጀታው ሥር ተጣጥፋ የተወሸቀች አንዲት ቢጫ ጨርቅ አገኘሁ፤ ጋሼ ምትኩ መስተዋቱን የሚወለውሉባት መሆን አለባት። አጥቤ አስቀመጥኳት። ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ቀየርኩት። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጧል፤ ከድሮ ዲኮደሮች እየነቀልኩ ተካሁ። አንድ ቀን ደግሞ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ አምቆ እንደሚቆይ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸውን ቦታ ራሴ በጣቴ ነካሁት። ከተቀመጥኩባት በርጩማ ላይ ተወርውሬ ከአልጋው ሥር ነቃሁ። ብርቄ እጄን ይዛ የልብ ምቴን ቆጠረችና "አንተ ትኖራለህ። እሱስ?" አለች። ያን ጊዜ ነው እሷም ጉዳዩ እንደያዛት የገባኝ።

ለምስል መስጫ፣ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ለሾፌሩ የምታሳየውን ጣት የምታህል ካሜራ ገዛሁ። በሞተር ሳይክል ባትሪ ትሠራለች። ሽቦዋ ከሞኒተሩ ቀዳዳ ጋር ስለማይገጥም ጫፉን ልጬ በብየዳ አያያዝኩት። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከፈትኩት። መስተዋቱ ሙሉ ጨለማ፣ መሐሉ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር። እኔ በደስታ ጮኽኩ። ብርቄ መጥታ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

"እኛ ዘንድ መስመሩ እንዲህ ቀጥ ካለ ሞቷል ነው የሚባለው።"

አልሞተም! ምስሉ አለ፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል ብቻ ነው እምቢ ያለው። ሰው ሁሉ በዚያች መስመር ውስጥ ተጨፍልቆ ተኝቷል። ይህን አስቡት እስቲ፤ ቤቱ፣ በሩ፣ እኔ ራሴ፣ በአንድ ፀጉር በምታህል መስመር ውስጥ! ሁለት ቀን ዓይኔን ከእሷ ላይ ሳልነቅል ተቀመጥኩ። መፍትሔው ግን አልመጣም። የመጣው ስልክ ነው። እትዬ አንጓች ነበሩ።

"መምህር፣ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ታማሚውን ልንጠይቅ እንመጣለን። አያ ሞላም አለ። ተሠርቷል አይደል?"

"ኧ... ተሠርቷል" አልኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አሥር ሰው ግቢያችን ገባ፤ ማር በጠርሙስ፣ ቆሎ በከረጢት ይዘው። እኔ ውስጥ ነኝ፤ ሞኒተሩ ጀርባው እንደተከፈተ ነው፤ መስመሯ አሁንም መስመር ናት። ብርቄ ነጭ ጋውኗን ለብሳ በሩ ላይ ቆመችና "ሐኪም እያየው ነው፣ ትንሽ ታገሡ" ስትላቸው ይሰማኛል። ስለ ዕቃው ማሰብ ትቼ ነበር ያን ጊዜ፤ የማስበው እትዬ አንጓች ሰባት ሰዓት ተጉዘው፣ ያን የሳቀውን ሰው ራሳቸው ይዘው መጥተው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጨለማ ሊያዩ ነው የሚለውን ነው። የጋሼ ምትኩን ስም አንዴ የገደለው ሳቅ ዛሬ በኔ ቤት ሊደገም ነው።

ብርቄ ሹልክ ብላ ገባች። "ስንት ደቂቃ?"

"አላውቅም። ሁሉን ቀይሬዋለሁ። አላውቅም ብርቄ።"

ስልኳን አውጥታ መብራቱን የሞኒተሩ የውስጥ ዕቃዎች የተበየዱበት ሰሌዳ ላይ አበራች። የሕፃን ልጅ የደም ሥር በአንድ እይታ የምታገኝ ሴት ናት፤ ፊቷን አስጠግታ ብየዳውን አንድ በአንድ መረመረች።

"ይኼ ምንድን ነው? ይህቺ ነጠብጣብ ዙሪያዋን ተሰንጥቃ የለ?"

ከሃያ ቀን በላይ ያፈጠጥኩበት ሰሌዳ ነው። ተሰንጥቃለች! እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀለበት! ነቅዬ፣ መበየጃዬን ነካ አድርጌ፣ መልሼ ከፈትኩት። መስመሯ አንዴ ተርገበገበችና ወደ ላይም ወደ ታችም ተከፈተች፤ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ሰው ዓይን። በሩ ታየኝ። የበሩ እጀታ ታየኝ። ብርቄ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ያም ታየ።

በቢጫዋ ጨርቅ መስተዋቱን ወለወልኩትና "ይግቡ" አልኩ።

አያ ሞላ የታመመ ሰው ቤት እንደሚገባ ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ገቡ። ከመስተዋቱ ውስጥም አንድ ረጅም ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ገባ።

"እንደምን አረፈዱ" አሉት አያ ሞላ በአክብሮት።

ያም ሰውዬ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለውም። አያ ሞላ ወደኔ ዞረው "ይኼ ሰው ማነው?" ሲሉ ከኋላቸው የገባው ወጣት "አያ ሞላ፣ እርስዎ ነዎት እኮ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ግፊያ ሆነ። ሁሉም እጁን ያነሣል፣ ጥርሱን ያሳያል። አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች።

ሳቁ ጋብ ሲል አያ ሞላ "ታማሚውስ?" አሉ።

እትዬ አንጓች ወደ ፊት መጡ።

"ይኸውልህ አያ ሞላ። እስከ ወገዳ በትከሻህ ያደረስከው እሱ ነው። የምትኩ ሣጥን።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እነዚህ ሰዎች ተሸክመዋል፣ ጸልየዋል፣ ማር ይዘው አገር አቋርጠው መጥተዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል አያ ሞላ በእጃቸው አስቆሙኝ። ወደ መስተዋቱ ቀርበው በጣታቸው ነኩት።

"ያን ቀን ምን ጎድሎት ነበር?"

"ሽቦና ካሜራ፣ አያ ሞላ። ሽቦው አንድ ክንድ አይሞላም።"

"አንድ ክንድ ሽቦ" አሉና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከመስተዋቱ ውስጥም ያ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሁለቱ ተያዩ። "እና ሰውየው እውነቱን ነበር" አሉ በመጨረሻ። ዓይናቸው ውኃ ሞልቶ ነበር። እትዬ አንጓችም አለቀሱ፤ ብርቄም፤ እኔማ አልነግራችሁም።

ከዚያ ቆሎ ተበተነ፣ ወሬ ተጀመረ። ያዳነው ምንድን ነው በሚለው ላይ ክርክር የለም፤ የአባ ጸበል ነው። ስለ ካፓሲተር ልናገር ብሞክር "መምህር፣ አታካብድ" ተባልኩ። አያ ሞላ ግን ድንገት "ድኗል?" ብለው ጠየቁ። ድኗል አልኩ።

"የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? ወደ ቤቱ ይመለስ እንጂ። ከፋሲካ በኋላ የልጅ ልጄን እድራለሁ። ያን ቀን የሳቀውን ሰው ሁሉ እጠራለሁ። እዚያው ዳስ ላይ ነው መታየት ያለበት።"

እትዬ አንጓች አዩኝ። ሣጥኑ በቃላችን መሠረት የኔ ነው፤ መልሰው የሚል ትእዛዝ አልሰጡኝም። ከፋኝ። በሕይወቴ የሠራልኝ የመጀመሪያው ሞኒተር ነው። ግን የሳቁት ሰዎች ያሉት እዚያ ነው፤ ስሙም የጠፋው እዚያ ነው። "ለሠርጉ ከነካሜራዋ አመጣላችኋለሁ" አልኳቸው። ማታ ብርቄ እሱን ሳትጨምር ቆጠረች፤ እንደገና አምስት የማይሠሩ ሆንን።

ከፋሲካ በኋላ እስከ ወገዳ በመኪና ወሰድኩት። ቃሬዛው እዚያ ይጠብቀን ነበር፤ ጋቢውም፣ ለአቧራው። አያ ሞላ ከፊት በቀኝ ገቡ፤ እኔ ከኋላ በግራ። እትዬ አንጓች ከኋላችን ናቸው፤ ዛሬ አያለቅሱም። ወንዙ ጋ ስንደርስ አንድ የማላውቀው ገበሬ እህሉን አስቀምጦ ምንም ሳይጠይቅ ትከሻውን አስገባልኝ።

"እግዜር ይማረው። ማነው?"

"የምትኩ ዘመድ ነው" አሉ አያ ሞላ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። "ድኖ ወደ ቤቱ እየገባ ነው።"

"የትኛው ምትኩ?"

አያ ሞላ ቃሬዛውን በትከሻቸው ላይ አመቻቹ።

"አገር የሚያየውን ቀድሞ የሚያየው ምትኩ" አሉ።